ውሃ ልክ

መንገድን የሚያወድስ ጽሑፍ ሞልቶ ተርፏል፤ ጎማን የሚያወድስ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ጆን ስታይንቤክ በ1960 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ቻርሊ የተባለ ውሻውን አስከትሎ አሜሪካን ለመዞር ሲነሣ፣ ጀርባዋ ላይ ትንሽ ቤት የተጫነባትን መኪናውን በዶን ኪኾቴ ፈረስ ስም ሮሲናንቴ ብሎ ሰየማት። የጉዞው መጽሐፍ በ1962 ታተመ፤ መኪናዋም ዛሬ በካሊፎርኒያ፣ ሳሊናስ ከተማ፣ በስሙ በተቋቋመው ማዕከል ቆማ ትጎበኛለች። እኔም እንደ ብዙ አንባቢ ያንን መጽሐፍ ዘግቼ ነው የራሴን ሮሲናንቴ የተመኘሁት። ፈረሱን ማን ያበላዋል፣ ኮቴውንስ ማን ያይለታል የሚለው ጥያቄ ግን ጨርሶ አልመጣብኝም ነበር።

በ2023 ጸደይ፣ አሜሪካኖቹ አር-ቪ የሚሉትን፣ እኔ ግን ቤት-መኪና ማለትን የመረጥኩትን ነገር ገዛሁ። የ2008 ሥሪት ናት፤ ርዝመቷ ሰባት ሜትር ከምናምን፤ አልጋ፣ ሦስት ዓይን ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ መታጠቢያና ሽንት ቤት አላት። ሻጩ ደግ ሰው ይመስል ነበር። «ጎማዎቹ እንደ አዲስ ናቸው» አለኝ። አመንኩት። ሁለት ዓመት ካደረብኝ ትዝብት በመነሣት አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ቤት-መኪና የሚነዳ ብዙ ነው፣ የሚያስተዳድር ጥቂት ነው፤ እኛን ሐበሾችን ደግሞ በዚህ ነገር ከስንፍናችን ይልቅ የሚጎዳን ይሉኝታችን ነው። የመጀመሪያውን ማንም ይስማማበታል። ሁለተኛውን ለማስረዳት ወላጆቼን ወደ ጽሑፉ መጥራት ይኖርብኛል።

አባቴ ከሃያ ዓመት በላይ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ነድተዋል። ኮምቦልቻን፣ ባቲን፣ ሚሌን በሌሊት ያውቋቸዋል። ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ ያ መንገድ ሲዘጋ የእሳቸውም ዕድሜ አብሮ ወደ ጥግ ያዘነበለ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከእናቴ ጋር ሜሪላንድ ከመጡ ወዲህ ሥራቸው በአፓርታማችን መስኮት በኩል የመኪና ማቆሚያውን መመልከት ነው፤ ማን ፍሬኑ እንደሚጮህ፣ ማን ዘይት እንደሚያንጠባጥብ ነግረውኛል። በጥቅምት 2024 «እስቲ ቤት-መኪናዋን ላሳያችሁ፣ ሸንንዶዋ ተራራ ሦስት ሌሊት እናድራለን» ስላቸው፣ እናቴ ስለ ብርዱ ጠየቀች፤ አባቴ ግን ኮታቸውን ለብሰው ወረዱ።

ወደ ውስጥ አልገቡም። አልጋውን፣ ምድጃውን፣ በኩራት ላሳያቸው የነበረውን ሁሉ ትተው ጎማው ዘንድ ቁጢጥ አሉ። ጎኑን በጥፍራቸው ጫን ጫን አደረጉት። «ይኼ ጎማ ደርቋል» አሉኝ።

«አባባ፣ ጥርሱ እኮ ሙሉ ነው» አልኳቸው።

«ጥርስማ የሞተ ሰውም አለው።»

ሄጄ በስልኬ መብራት አየሁት። በእያንዳንዱ ጎማ ጎን ላይ የፋብሪካውን ምልክት ተከትለው የሚመጡ ቁጥሮች አሉ፤ የመጨረሻዎቹ አራቱ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። የእኔዎቹ 2113 ይሉ ነበር፤ በ2013 ሃያ አንደኛው ሳምንት ተሠርተዋል ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት! የቤት-መኪና ጎማ የሚሞተው በመሄድ ብዛት አይደለም፣ በመቆም ብዛት ነው። ከዓመቱ አብዛኛውን ፀሐይ ላይ ስለሚቆም ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ጥርሱ ሳይነካ ሆዱ ያልቃል። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ሲሞላው ይለወጥ የሚለው ምክር ተደጋግሞ የሚሰማው ለዚህ ነው። ስድስት ጎማ በአንድ ቀን መለወጥ ኪስን የሚያቃጥል ነገር መሆኑን አልደብቅም። ግን አባቴ «በዚህ አልሄድም» አሉ፤ አልሄዱምም። ጉዞው በአንድ ሳምንት ተላለፈ። የተማርኩ ነኝ የምለው እኔ ተሽከርካሪውን የገዛሁት እንደ መጽሐፍ ሽፋኑን አይቼ መሆኑ አሳፈረኝ።

የዚያች ሳምንት መዘግየት ሌላም ነገር አተረፈችልኝ። ውስጥ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መሣሪያ በየደቂቃው ጢጥ እያለ ያሰለቸኝ ነበር። መሣሪያው ራሱ ማብቂያ ቀን አለው፤ ዕድሜው ማለፉን ነው እንዲያ እየጮኸ የሚናገረው። ነቅዬ ልጥለው ሁሉ አስቤ ነበር። ጎማ ለመለወጥ በሄድኩበት ቀን አዲስ ገዝቼ ሰቀልኩ። ይህን ያደረግኩት ከጥበብ ሳይሆን ከጩኸቱ ለመገላገል መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ተነሣን። የሸንንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ከ1935 ጀምሮ ያለ ነው፤ ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ በተራራው ጀርባ ላይ 105 ማይል ይጓዛል፤ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ነው። በ32ኛው ማይል ላይ ከዐለት የተፈለፈለ ዋሻ አለ፤ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች፣ ማለትም 3.86 ሜትር ነው። አባቴ ዋሻ መኖሩን ሲሰሙ «ቁመትህ ስንት ነው?» አሉኝ። የእኔን ቁመት መስሎኝ ልመልስ ስል የመኪናዋን መሆኑ ገባኝ። አላውቀውም ነበር! ዳር ይዘን አቆምን፤ ከጣሪያው ማቀዝቀዣ ጫፍ እስከ መሬት ለካን፤ 11 ጫማ ሆነ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው መሪው አጠገብ ለጠፉት፤ እስከ ዛሬ አለ። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ጣርማ በርን አስታወሱ፤ ጣሊያን የበሳውን ያንን ዋሻ ጭጋግ ሲውጠው ረዳታቸው ወርዶ በእግሩ ፊት ፊት ይሄድ እንደነበር ነገሩኝ። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ እግሬን ፍሬን ላይ ጭኜ ስወርድ ጉልበቴን መታ አደረጉና «ቁልቁለት በማርሽ ይወረዳል፤ ፍሬን ለመቆሚያ ነው» አሉ። አራት ቶን ከምናምን የሚመዝን ቤት ተሸክሞ ለሚወርድ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር አላገኘሁም። የጋለ ፍሬን አይይዝም።

ስለ ዋሻ ከተነሣ፣ ለእኛ ለዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪዎች አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በባልቲሞር ወደብ ሥር የሚያልፉት ሁለቱ ዋሻዎች፣ ቤት-መኪናዎች የሚሸከሙትን ዓይነት የፕሮፔን ሲሊንደር የያዘ ተሽከርካሪ አያሳልፉም። ድሮ ሰው በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ይዞር ነበር፤ ድልድዩ በመጋቢት 2024 መርከብ ገጭቶት ወደቀ። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚሄድ በስተምዕራብ ያለውን የ695 ቀለበት ይዞ ይዙር፤ ይህን ከቤቱ ሳይወጣ ያስብበት።

ቢግ ሜዶውስ ከሚባለው ሰፈራ ደረስን። በዚህ ፓርክ ውስጥ ለመኪናው የሚሰካ ኤሌክትሪክም ቧንቧም የለም፤ ያለህ የያዝከው ብቻ ነው። መኪናዋን እንዳቆምኩ አባቴ ግማሽ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አጋደሙ፤ የውሃው ፊት ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። «ውሃ ልክ የለህም?» አሉ። የግንበኛ ዕቃ ለምን እንደሚያስፈልገኝ አልገባኝም ነበር። ነገሩ ከእንቅልፍ ምቾት ያልፋል፦ በጋዝ የሚሠራው ማቀዝቀዣ በውስጡ የሚዘዋወረውን የአሞኒያ ቅልቅል የሚያንቀሳቅስለት ሞተር የለውም፤ ፈሳሹ በገዛ ክብደቱ ነው ቁልቁል የሚመለሰው። መኪናው ካዘነበለ ፈሳሹ አንድ ቦታ ይተኛል፤ ማቀዝቀዣው መጀመሪያ ማቀዝቀዙን ያቆማል፣ ቆይቶ ለዘለዓለም ይበላሻል። ከጎማው ሥር ሳንቃ አስገብተን ጠርሙሱ እስኪስተካከል ወዲያና ወዲህ ገፋን።

አሁን ወደ ውሃ ልግባ፤ የቤት-መኪና ምሥጢር ያለው እዚያ ነው። ሦስት ጋን ተሸክመህ ትዞራለህ፦ የንጹሕ ውሃ፣ ከመታጠቢያ የሚወርደው የግራጫ ውሃ፣ የሽንት ቤቱ የጥቁር ውሃ። የእኔ ንጹሕ ጋን 40 ጋሎን፣ ወደ 150 ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ 150 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው፣ ነዳጅም ፍሬንም ይበላል። አሜሪካዊ ጎረቤቴ ይህንን በአንድ ቀን ተኩል ጨርሶ ውሃ ፍለጋ ሲሄድ፣ እኛ ሦስት ሌሊት አድረን ተረፈን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በጀሪካን ያደገ ሰው ለዚህ ኑሮ ሳያውቀው ሠልጥኗል። አባቴ ፊታቸውንም እጃቸውንም በአንድ ጣሳ ውሃ ይታጠባሉ። ገላ ለመታጠብም ውሃውን አርሶ መዝጋት፣ ሳሙና መትቶ ማሸት፣ ከዚያ ከፍቶ መለቅለቅ፤ በቃ።

ጥቁሩን ጋን በተመለከተ፣ ጨዋ ጽሑፎች የሚያልፉትን እኔ አላልፍም። የመጀመሪያው ስሕተት መዝጊያውን ከፍቶ መተው ነው፤ ፈሳሹ ሹልክ ብሎ ይወርድና ደረቁ ተከምሮ ይጋገራል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መከራ አልተርክም። መዝጊያው ተዘግቶ ይቆይ፤ ጋኑ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ሲሞላ፣ ለዚሁ በተሠራው ማፍሰሻ ቦታ ብቻ፣ ጓንት ተደርጎ፣ መጀመሪያ ጥቁሩ ይፈሳል፤ ግራጫው ኋላ ተከትሎ ቱቦውን ያጥበዋል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ሁለት ጊዜ አይገለብጠውም። ቶሎ የሚሟሟ ስስ ወረቀት እንጂ ሌላ ነገር አይጣልበት።

ለግራጫው ጋን ዋናው ጠላት ዘይት ነው። የወጥ ሳህን እንዳለ ከታጠበ ቅቤውና በርበሬው ጋኑ ግድግዳ ላይ ይጋገርና በሦስተኛው ቀን ቤቱን ያሸተዋል። ፈረንጆቹ ሳህኑን በወረቀት ጥረጉ ብለው ይመክራሉ። እኛ በእንጀራ እንጠርገዋለን፤ የሥልጣኔ ልዩነት ነው።

ስለ ምግብ ደግሞ እናቴና እኔ ተጣልተናል። እሷ ምጣዷን ልትይዝ ፈለገች። ባለ 30 አምፔር መኪና መብራት ባለበት ሰፈራ እንኳ በ120 ቮልት 3,600 ዋት ብቻ ነው የሚያገኘው፤ የጣሪያው ማቀዝቀዣ፣ ማይክሮዌቩና የኤሌክትሪክ ምጣድ ባንድ ላይ ከተከፈቱ ቆጣሪው ይጠፋል። መብራት በሌለበትማ ነገሩ አይነሣም። እንጀራ ከቤት ተጋግሮ፣ ቀዝቅዞ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይወጣል። እንዲያውም የእኛ ሰው ለዚህ ጉዞ የሚሆን ምግብ ከጥንት ጀምሮ አለው፤ ስሙም ስንቅ ይባላል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ፤ ማቀዝቀዣ አይፈልጉም፣ አይከብዱም፣ በእንፉቅቅ መንገድ አይፈሱም። የደረቀ እንጀራን ከቋንጣ ጋር በአንድ ድስት ቋንጣ ፍርፍር ማድረግ አሥር ደቂቃም አይፈጅም። ዶሮ ወጡ ቤት ተሠርቶ፣ በረዶ ሆኖ ይምጣ፤ ሽንኩርት ለአንድ ሰዓት የሚቁላላበት ቦታ ቤት-መኪና አይደለም፤ ሽታው መጋረጃው ላይ እስከ ፋሲካ ይቆያል። ሽሮና ምስር እዚያው ይበስላሉ። ቢግ ሜዶውስ ከባሕር ጠለል 1,070 ሜትር ገደማ ስለሆነ ምስሩ እናቴ አዲስ አበባ ከለመደችው ቶሎ በሰለ፤ ጋዝ ለሚቆጥር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ምድጃ በተለኮሰ ቁጥር መስኮትና የጣሪያ ማናፈሻ ይከፈት፤ የሚነደው ጋዝ አየሩን ከመብላቱም በላይ እንፋሎት ይተፋል፣ ግድግዳው ሌሊት ያለቅሳል። ማታ ደግሞ ውጪ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ የቅቤ ማሰሮ ለድብ የተጻፈ የግብዣ ወረቀት ነው፤ እዚያ ተራራ ላይ ድብ አለ።

በሁለተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። ውድ አንባቢ፣ የዚህ ጽሑፍ ምክንያት ይህች ከሰዓት በኋላ ናት።

እናቴ ጀበናዋንና ትንሿን የብረት ከሰል ማንደጃዋን ይዛ መጥታ ነበር። መጀመሪያ ከመኪናው ጎን በሚዘረጋው ሸራ ሥር አነደደችው፤ ነፋሱ ዝናቡን እያመጣ ረጨባት። «ወደ ውስጥ ላስገባው። አባትህን ሳል ይዞታል፣ ብርድ ላይ አታስቀምጠው። ከሰሉ ነዶ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም» አለችኝ።

አውቅ ነበር። ጭስ የሌለው ፍም ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደሚያወጣ፣ ጋዙ ሽታም ቀለምም እንደሌለው፣ አገራችን በብርድ ወራት ከሰል ቤት አስገብተው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎች ወሬ እየሰማን እንዳደግን አውቅ ነበር። ግን ሁለት ቀን ሙሉ እናቴን ውሃ አትክፈቺ፣ ይህን አትጣይ፣ ያንን አትሰኪ ስል ከርሜያለሁ። በእርጅናዋ ከአገሯ አምጥቼ፣ በገዛ ልጇ ፊት እንደ ልጅ የምትከለከል ሴት አድርጌያታለሁ። አንድ ተጨማሪ «አይሆንም» ከአፌ አልወጣ አለ። መስኮቱን የጣት ውፍረት ያህል ከፍቼ «እሺ እማዬ» አልኳት።

ቡናው ተቆላ። ዕጣኑ ጨሰ። አቦሉ ተጠጣ። ያ ሁሉ ጠባብ ቤት ድንገት የእኛ ሆነ፤ አባቴ ስለ ሚሌ ሙቀት ያወሩ ነበር፣ እናቴ ትስቅ ነበር። ቶናው ሲቀዳ አባቴ ግንባራቸውን ያዙ። «ምሳው ነው፣ ከበደኝ» አሉ። እኔም ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሲመታ ይሰማኝ ነበር፤ ግን ጨዋታውን ማቋረጥ ነውር መሰለኝ። ወዲያው መሣሪያው ጮኸ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

በሩን በርግጄ ሁለቱንም በክንዳቸው ይዤ ዝናቡ ውስጥ አወጣኋቸው፤ ከዚያ ትንፋሼን ይዤ ገብቼ ማንደጃውን አወጣሁ። አባቴ መኪናው አፍንጫ ላይ ተደግፈው ቆሙ። ራስ ምታቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። በዚያች ሰዓት ማድረግ የነበረብኝ የፓርኩን ሰዎች ወይም 911 መጥራት ነበር፤ የዚህ መርዝ ያልታየ ጉዳት በሐኪም መታየት አለበት። አልጠራሁም። ሰው ምን ይለናል፣ በምን እንግሊዝኛ ይመልሳሉ፣ እናቴ ታፍራለች እያልኩ ተውኩት። አንድ ቀን ውስጥ በይሉኝታ ሁለት ጊዜ ወላጆቼን ለሞት አሳልፌ ሰጠሁ ማለት ነው፤ ያዳናቸው የእኔ ፍቅር አይደለም፣ በጩኸቱ ተማርሬ የለወጥኩት ትንሽ ዕቃ ነው።

እናቴ በፎጣ ተጠቅልላ «በገዛ ቡናዬ?» አለች። ሌላ አልተናገረችም። በማግሥቱ ቡና አልጠጣችም።

ይሉኝታ በሰፊ ቤት፣ በሰፊ ግቢ የሚያምር ጠባይ ነው። ሰባት ሜትር ርዝመት፣ ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት ባለው የታሸገ ሳጥን ውስጥ ግን አየር ይጨርሳል። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ «ይህ አይነካም፣ ያ አይለኮስም» ብሎ መናገር ባለጌነት መስሎ የሚታየው ሰው ቤት-መኪና ባይገዛ ይሻለዋል። እኔ ዛሬ ማንም ቢሳፈር፣ ቄስም ቢሆን አማትም ቢሆን፣ ከመነሣታችን በፊት አምስት ደቂቃ አስቀምጬ እናገራለሁ፤ ቅር ያለው እስከ ዛሬ አንድ ሰው ብቻ ነው። እናቴ ቡናዋን አሁን በደረቅ ቀን ውጪ በከሰል፣ በዝናብ ቀን መስኮትና ማናፈሻ ተከፍቶ በጋዙ ምድጃ ታፈላለች። ዕጣኑ ግን ከከሰል ውጪ አይሆንም ብላ ቤት ትታዋለች።

ስለ ክረምት ሳላነሣ ብቀር አባቴ ይታዘቡኛል። በገዛሁበት ዓመት ውሃውን ሳላፈስ አቁሜያት ሜሪላንድ ላይ በረዶ መጣ፤ ፓምፑም አንዱ ቧንቧም ተሰነጠቁ። አሁን በኅዳር ጋኖቹን ሁሉ እናፈሳለን፤ የውሃ ማሞቂያውን ካቀዘቀዝን በኋላ አራግፈን ከመስመሩ እናወጣዋለን፤ ከዚያ ሮዝ መልክ ያለውን የፕሮፒሊን ግላይኮል ፈሳሽ እያንዳንዱ ቧንቧ ሮዝ እስኪያወጣ ድረስ እንገፋለን፤ ራዲያተር ውስጥ የሚገባው አረንጓዴው መርዝ ነውና ወደ መጠጥ ውሃ መስመር ጨርሶ አይጠጋ። በዓመት ሁለቴ ደግሞ ጣሪያ ላይ ወጥቶ በማናፈሻዎቹ ዙሪያ ያለውን ማሸጊያ መፈተሽ ነው፤ አንድ የጥፍር ስንጥቅ በሁለት ክረምት ግድግዳ ታበሰብሳለች። አባቴ መሰላሉን ይይዛሉ፣ እኔ እወጣለሁ። ካልሲዬን እያዩ «ዐይንህን ክፈት፣ እዛች ጋ አልፈሃታል» ይሉኛል፤ ከታች ሆነው እንዴት እንደሚያዩት አላውቅም።

ባለፈው ኅዳር ሥራውን ስንጨርስ እንደ ልማዳቸው ጎማው ዘንድ ቁጢጥ አሉ። 2924 ይላል፤ የ2024 ሃያ ዘጠነኛው ሳምንት። «ይኼ እስከ መቼ ይሄዳል?» አሉኝ።

«በደንብ ከተያዘ እስከ 2031 አባባ።»

በጣታቸው ቆጠሩ። ጎማውን በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። «እንግዲያስ እሱ ይቆያል» አሉና፣ የጋዙ ሲሊንደር መዘጋቱን ሊያዩ ወደ ኋላ ዞረው ሄዱ።